የመንገድ ሐቅ

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ብስክሌት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና?» የሚል አይጠፋም። ይሁንና ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ፣ ነገሩ ከብስክሌቱ ይልቅ የመንገዱ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምኖረው አምቦ ነው፤ ሥራዬም መምህርነት ነው። ልጅ ሳለሁ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስኩ አደግሁ። በሁለቱ መሐል የምትተርፈኝን ጊዜ የሚወስድብኝ ብስክሌት ነበር። መጀመሪያ በሰዓት እየተከራየሁ ለመድሁ። በኋላም አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ አሮጌ የቻይና ፊኒክስ ገዛልኝ። ክብደቱ ለጉድ ነው፤ ማርሽ የለውም፤ ፍሬኑም በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ዝናብ ሲነካው የሚሰንፍ ነበር። ለእኔ ግን ከሰንጋ ፈረስ ይበልጥብኝ ነበር።

አካባቢያችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው አስፋልት ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ ይቀጥላል። አስፋልቱ የአይሱዙና የሚኒባስ ነው። የብስክሌት ደስታ ያለው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገጠር በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ በመስከረም መጨረሻ ብትወጡ፣ ግራና ቀኙ በኑግ አበባ ቢጫ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ራቅ ብሎ እረኛ ይጣራል፤ ከዚያ በቀር የሚሰማው ከጎማ ሥር የሚንኮሻኮሸው ጠጠር ብቻ ነው።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የትግራዩ ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የጠጠር መንገድ ግን ከውድድሩ የተለየ የራሱ ትምህርት አለው። ጎማው ከመጠን በላይ ከተነፋ ጠጠሩ ላይ ይዘላል፤ ነፋሱ ትንሽ ሲቀነስለት መሬቱን ይጨብጣል። ፍሬን የሚያዘው መታጠፊያው ላይ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ነው። የፊቱ ፍሬን ብቻውን በድንገት ከተያዘ ጎማው ይንሸራተትና ነጂውን ይጥላል። በውጭው ዓለም ለዚሁ መንገድ ብለው ጎማው 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሰፋ ብስክሌት ይሠራሉ። እኛ ግን ሁሉንም የተማርነው በዚያው በፊኒክሱ፣ እየወደቅን ነው።

የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወጣው መንገድ ጠጠር ነበር። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የወንጪ ተራራ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ሲወጡ ብስክሌቱን እየገፉ፣ ሲወርዱ ደግሞ ፔዳል ሳይነኩ ነው። እኔም ግማሽ ቀን ገፍቼ የምወጣው ለዚያች ቁልቁለት ብዬ ነበር። የዚያ አገር ሰው ፈረስ ወዳድ ነው፤ ገብሱንም ድንቹንም በፈረስ ጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል።

አንድ የገበያ ቀን ቁልቁለቱን ስበርር፣ ከመታጠፊያው ማዶ አንዲት እናት የተጫነ ፈረስ እየሳቡ፣ በሌላ እጃቸው የእንቁላል ቅርጫት ይዘው ይሄዱ ነበር። ብስክሌት ድምፅ የለውም፤ እኔም አልጮኽኩም። ፈረሱ በጎኑ ሹልክ ስልበት ደንብሮ ዘለለ። ዞር ብዬ ሳይ ሴትየዋ መሬት ላይ ናቸው፤ ቅርጫቱ ተገልብጧል፤ ፈረሱም ጭነቱን እየጎተተ ማሳ ውስጥ ገብቷል። ውድ አንባቢያን፣ አልቆምኩም። ፈራሁና ሸሸሁ።

የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ሰውን ከማስቸገር መታቀብ ከመንገድ ሐቆች አንዱ መሆኑን በዚያው ሳምንት መድረሳ ውስጥ በቃሌ አጥንቼ ነበር። ኡስታዛችን ሲጠይቁኝ አንድም ሳልስት ተወጥቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። በሳምንቱ ለኡስታዜ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ተውባ አድርገሃል?» አሉኝ። «አዎ፣ ኡስታዝ» አልኳቸው። «የአላህን ሐቅ ከአላህ ጠይቀሃል። የሴትየዋ ሐቅ ግን ያለው ሴትየዋ ዘንድ ነው። ሄደህ ፈልጋቸው» አሉኝ።

ለአባቴ ሳልናገር ትርፍ ደብተሮቼንና የክረምት ጃኬቴን ሸጥኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከከተማው መውጫ ላይ ቆምኩ፤ አላገኘኋቸውም። በሦስተኛው ገበያ ፈረሱን ከሩቅ አወቅሁት። እርሳቸው የቀኝ እጃቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር፤ ፈረሱን የምትስበው አንዲት ትንሽ ልጅ ነች።

በኦሮምኛ «ሀርሜ፣ ያ ባለብስክሌት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ብዙ ጊዜ አዩኝ። ገንዘቡን ስዘረጋላቸው ለልጅቱ ሰጥተው አስቆጠሩት። የእንቁላሉን ዋጋ ብቻ አስወሰዱና የቀረውን መለሱልኝ።

«ለእጅዎ ነው፣ ለሕክምና ይሁንዎት» ብዬ ለመንኳቸው።

«ወጌሻው አይቶታል። እንደ ድሮው እንጀራ አልጋግርበትም፤ ይኸው ልጅቱ ከትምህርቷ ቀርታ ታግዘኛለች። ይህን ትከፍላለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቆይተው፣ «አንተም ልጅ ነህ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ሰው ስታይ ግን ውረድ» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጅቱን በኋላ ትምህርት ቤት ተመልሳ እንደሆን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ የነገረኝ ሰው የለም። መምህር የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው ብል እዋሻለሁ፤ ከክፍል የቀረች ተማሪ ስም ስጠራ ግን ያቺ ልጅ ትታወሰኛለች።

ቆይቶ ካነበብኳቸው ነገሮች አንዱ በጣም አስገርሞኛል። እንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ ለፈረስና ለእግረኛ የተተዉ ጸጥ ያሉ የገጠር መንገዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ሕግ ብስክሌተኞችም እንዲሄዱባቸው ፈቀደ፤ ነገር ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ መንገድ የመልቀቅ ግዴታ ጣለባቸው። ከሁሉም በኋላ የመጣው ብስክሌተኛው ነውና። ሀርሜ በአንድ ቃል የነገሩኝም ይህንኑ ነበር።

አሁን የዐሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ዓምና ብስክሌት ካላስተማርከኝ ብላ አስጨነቀችኝ። ጎረቤት «ሴት ልጅ በብስክሌት?» አለ፤ እናቷም ትንሽ አመነታች። እውነቱን ለመናገር እኔን ያዘገየኝ የጎረቤት ወሬ አልነበረም፤ ያቺ መታጠፊያ ነች። ልጄ ብትወድቅ ብዬ ብቻ አልፈራሁም፤ ልጄም ሰው ጥላ ብትሸሽስ? በመጨረሻ ለእናቷም ለእርሷም ታሪኩን ከነነውሩ ነገርኳቸው። ልጄ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ «ለምን አልቆምክም አባዬ?» ብላ ነው። «ፈርቼ ነው» አልኳት። ሌላ ሰበብ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው አጠገብ ባለው ጠጠር መንገድ አብረን እንወጣለን። መጀመሪያ ያስተማርኳት መንዳትን ሳይሆን መቆምን ነው፤ ቀጥሎም ከርቀት ድምፅ ማሰማትን፣ ከዚያም ሰላምታን። ባለፈው ሰሞን ገብስ የጫነ ፈረስ የሚስብ ሽማግሌ ከፊታችን ብቅ አለ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እርሷ ወርዳ ብስክሌቷን ወደ ዳር ስባ ቆማ ነበር። ሽማግሌው መርቀዋት አለፉ፤ ፈረሱም ጆሮውን እንኳ አላቆመም።

ውድ ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ ብስክሌት ስትገዙ ወይም ስታከራዩ ፍሬኑን ፈትሹላቸው፤ ጎማውንም ዳስሱላቸው። አብራችሁም መንገዱ የማን እንደሆነ ንገሯቸው። ወጣቶች ሆይ፣ እንደኔ ጥሎ የሸሸ ካለም ሐቁ ያለው መንገዱ ላይ ነውና ዛሬውኑ ተመልሶ ይፈልግ፤ ባለሐቁ ሁልጊዜ በሦስተኛው ገበያ አይገኝም።