ቃል የሚጠበቀው ከዋዜማው ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በታላላቅ አድባራት አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካዋል። በአሶሳ ዙሪያ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች ግን ተተኪ ሁልጊዜ አይገኝም። «እመጣለሁ» ያለ አንድ ዲያቆን ከቀረ ቅዳሴው ይታጎላል፤ ልጇን ለማቁረብ ከሌሊቱ የተነሣች እናትም እንደመጣች ትመለሳለች።

እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ሳገለግል የተረዳሁት ይህን ነው፤ የእሑድ ቃል የሚጠበቀው እሑድ ጠዋት ሳይሆን ቅዳሜ ማታ ነው። ቀዳሽ ከዋዜማው ጀምሮ ከእህልና ከውኃ ይከለከላል፤ በጊዜ ተኝቶ ለሌሊቱ ጸሎት ይነሣል። የዶርም ጓደኞቹ ኳስ እያዩ ሲያመሹና «ና አብረን እንብላ» ሲሉት «ለዛሬ ይቅርብኝ» ማለት ካልቻለ፣ በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ቢደርስ እንኳ ለመቀደስ አይችልም። ቃሉን የሚሰጠው አንደበት ነው፤ የሚፈጽመው ግን የተገራ ሰውነት ነው።

ስለዚህ ቃሉን ያልጠበቀ ሰው ሁሉ ሊዋሽ አስቦ ነው አንልም። ቅዱስ ጴጥሮስን እናስታውስ። ከጌታ ጋር እስከ ሞት እንደሚጸና ሲናገር ከልቡ ነበር (ማቴ. 26፥35)። ብዙዎቻችን ውድቀቱን የምንቆጥረው ከዶሮው ጩኸት ነው። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ በጌቴሴማኒ እንዲተጋና እንዲጸልይ ተነግሮት ሳለ አንዲት ሰዓት እንኳ መትጋት አልቻለም (ማቴ. 26፥40-41)። ለታላቁ ቃል መፍረስ መንገድ የጠረገችው ትንሿ እንቅልፍ ናት።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን ድካማችንን ስለምታውቅ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፣ በየዓመቱም በሰባቱ አጽዋማት ታለማምደናለች። አሶሳችን የማንጎ አገር ናት። ማንጎ የጾም ምግብ ነው፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ግን አይበላም። ከደጁ የበሰለውን፣ በራሱም ርኩስ ያልሆነውን ፍሬ እስከ ሰዓቱ መተው የለመደ ወጣት፣ ፈጽሞ የማይገባው ነገር ሲቀርብለት እንቢ ለማለት አቅም ያገኛል። አዳምም በገነት የወደቀው የሚበላው ፍሬ አጥቶ አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾማችንና የሙስሊም ወገኖቻችን ረመዷን ተገናኝተው ነበር። በአንድ ዶርም እኛ የጾማችንን ሰዓት ስንጠብቅ እነርሱም የፀሐይን መጥለቅ ይጠብቁ ነበር። እንግዲህ ከእኛ ጋር የሚኖረው ጎረቤታችን ጾማችንን ያያል፤ ቃላችንንም ይመዝናል። «ደብተርህን ነገ እመልስልሃለሁ» ብለን ካልመለስን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾማችን ለእርሱ ምን ይነግረዋል?

ምናልባት «እኔ የተሳልሁት ስእለት የለብኝም» የምትል እኅቴ፣ የምትል ወንድሜ፣ ወንዶች በአርባ፣ ሴቶች በሰማንያ ቀናችን ስንጠመቅ የክርስትና አባቶቻችንና እናቶቻችን በእኛ ስም ሰይጣንን ክደዋል፤ በክርስቶስም ማመናችንን መስክረዋል። እኛ መናገር ሳንችል የተገባልን ይህ ቃል ዕድሜያችንን ሁሉ የምንኖረው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጠቢቡ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል አስተምሮናል (መክ. 5፥5)። በስሜት ብዙ ቃል ከመግባት ከንስሐ አባታችን ጋር ተማክረን አንዲት የምንችላትን እንያዝ። ቀጥሎም «የዚህች ቃል ዋዜማ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቅ። የጠዋት ጸሎት ዋዜማው ማታ ስልክን በጊዜ ማስቀመጥ ነው። የአሥራት ዋዜማው ከቤት ገንዘብ የተላከልን ዕለት አስቀድሞ መለየት ነው። የንጽሕና ዋዜማውም ወደ ፈተና ከሚወስደን ስፍራ አለመሄድ ነው።

ቃሉን ያፈረሰም ተስፋ አይቁረጥ። ቅዱስ ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አልቅሶ ተመልሷል፤ በኋላም በሮም ቁልቁል ተሰቅሎ ስለ ጌታው ሲሞት ያን የቀድሞ ቃሉን ፈጽሟል። ለእኛም ቃላችንን የምንጠብቅበትን ብርታት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር