የአጎቴ ዜኒት

ካሜራ የለመድኩት በአጎቴ ዜኒት-ኢ ነው። አጎቴ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ፣ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ይሠራ የነበረ ከባድ የብረት ካሜራ።

እሑድ እሑድ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዳገቱን ስንያያዘው አንገቴ ላይ ያንጠለጥልልኛል። "መጀመሪያ ፀሐይዋን እያት" ይለኛል። ባለ 100 ፊልም ከሆነ፣ በጠራራ ፀሐይ ሌንሱ 16 ላይ፣ ፍጥነቱ 125 ላይ። ባሕር ዛፉ ሥር ስንገባ ወደ 5.6 ወይም ወደ 4 መክፈት ነው። ከሌንሱ በላይ ያለው የሴሌኒየም መለኪያ ባትሪ አያሻውም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ መርፌዋን ያንቀሳቅሳታል። መርፌዋ ግን ትጠቁማለች እንጂ አትወስንም። ሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ ለብርሃን ቀዳዳው ሁለት ቀለበት አለው፦ በአንዱ ቁጥሩን መርጬ፣ ቀዳዳውን ከፍቼ ምስሉን አጠራና፣ ልክ ከማንሳቴ በፊት በሌላኛው አጠብበዋለሁ። ይህን ሳደርግ ቅጠልና ጭራሮ ያዘሉ እናቶች አጠገባችን ይወርዳሉ። አጎቴ "ሸክም የያዘ ሰው ሳትዘጋጅ አታስቁም" ይለኝ ነበር። ስለዚህ ቁጥሮቹን ቀድሜ ማስተካከል ለመድኩ።

ካደግሁ በኋላ መገናኛ አካባቢ ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛዬ ዲጂታል ካኖኑን አቀበለኝ። መያዣው መዳፌን ሞላው፤ አመልካች ጣቴም ሳልፈልጋት መዘውሯ ላይ አረፈች። ይህ አሠራር ካኖን እ.ኤ.አ. በ1986 ካወጣው ቲ90 የወረደ ነው። ከሙሽሪት ቤት እስከ ማታ ግብዣ ለሚቆም ሰው ትልቅ ውለታ ነው፤ ዜኒት በጠርዙ እጅ ይቆረቁራል። ያጣሁት ቁጥሩን ነው። ያቺው መዘውር አንዴ ፍጥነት፣ አንዴ ሌላ ነገር ትሆናለች፤ ላይዋ ላይ የተጻፈ የለም።

አሁን የድሮው መልክ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኒኮን ዜድኤፍ የ1982ቱን ኤፍኤም2 ይመስላል፤ ሳየው ልቤ ይሞቃል። ግን አውቶማቲክ ላይ ሲደረግ የፍጥነቱ መዘውር 125 እያለ፣ ካሜራው በሌላ ፍጥነት ሊያነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያ የወጣው ፉጂፊልም ኤክስ100 ደግሞ በፍጥነቱ መዘውርም በሌንሱ ቀለበትም ላይ "ኤ" የሚል ምልክት አለው፤ ለካሜራው የተተወውና አንሺው የመረጠው ሳይበራም ይታያል። የድሮ መልክ ለእኔ ክብሩ እዚህ ላይ ነው፦ የተጻፈውና የሚሠራው አንድ ሲሆን።

ፎቶ ልማር የሚል የሰፈር ልጅ ሲያማክረኝ፣ ሠርግ ለሚያነሳው መዳፍ የሚሞላውን ዘመናዊ ካሜራ እመክራለሁ። ብርሃን ማንበብ ለሚሻው ግን፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ቁጥሩ የማይዋሽ ይሁንለት። ፎቶው ሲበላሽ የመረጠውን ቁጥር የሚያውቅ ልጅ፣ ቀጣዩን በምን እንደሚያሻሽል ያውቃል።