የወጥ ቤት እንግሊዝኛ

ካርቱም፣ ዐማራት በኖርኩበት ዘመን እንግሊዝኛ እንደማልሰማ ሆኜ ነው የቆየሁት። ደላላው ለቀጣሪዎቼ «ዓረብኛ ትንሽ ትንሽ፣ እንግሊዝኛ ምንም» ብሎ አስተዋወቀኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም። ጎንደር ላይ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ ስሸመድድ ያመሸሁ ልጅ ነኝ። በቃል ብዛት ከማንም አላንስም ነበር። አፌን ከፍቼ ሁለት ቃል መግጠም ግን ያቅተኛል፤ ስለዚህ «ምንም» መባሌ መጀመሪያ ላይ ከሐፍረት አዳነኝ። ቆይቶ ሌላ ጥቅም አገኘሁበት። አይሰማም በሚሉት ሰው ፊት ማንም ምላሱን አይሰበስብም።

ዐማራት ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ፣ የአፍሪካ ጎዳናን ተሻግሮ ያለ የባለገንዘብ ሰፈር ነው። መንገዶቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ 15፣ 41፣ 61። ስሙን የሰማ አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የኛን አማራ ያስባል፤ በዓረብኛ ሕንፃዎች ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በፊት የኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት ሰው የሚበዛበት፣ ዘበኛና ሠራተኛ የሌለው ግቢ የማይገኝበት ሰፈር ነበር። ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ሲመሽ ወደ ዴም ሰፈር ይመለሱ ነበር። እኔ ግን እዚያው ጓሮ ባለች ክፍል ነበር የማድረው።

ቀጣሪዎቼ ጣሊያኖች ናቸው፣ ባልና ሚስት። ጣሊያንና እንግሊዝኛ ካርቱም ላይ አብረው መታየታቸው አዲስ አይደለም። ዳንኤሌ ኮምቦኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በ1881 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ነው ያረፈው፤ በስሙ በ1929 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኮምቦኒ ኮሌጅም ጣሊያን ቄሶች በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሆኖ ብዙ ሰው አፍርቷል። የእኔዎቹ ግን እንግሊዝኛውን ገና እየታገሉት ነበር። ሥራቸው የሚጻፈውም የሚነገረውም በእሱ ስለሆነ፣ ማታ ራት ላይ ጣሊያንኛ ላይናገሩ ተስማሙ። ምግቡን የማቀርበው እኔ ነኝ። እነሱ ለራሳቸው የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ሳልመዘገብ ተማርኩበት።

አንድ ቀን የጋዙ ቱቦ ሲሊንደሩ ላይ ላልቶ ወጥ ቤቱ ሸተተ። ሚስተር ተንበርክኮ የቱቦውን ማሰሪያ ያያል፤ ብሎኑን የሚያጠብቅበት ነገር ይፈልጋል፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ለመጥራት ይታገላል። ጣቱን ያሽከረክራል፣ «ዘ ቲንግ፣ ዘ ቲንግ» ይላል። መጨረሻ ላይ ተናዶ ለራሱ «ካቻቪቴ» ብሎ አጉረመረመ። ከመሳቢያው አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ያስቀኛል። አጎቴ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ጋራዥ ነበረው፤ ካቻቪቴና ፒንሳ፣ ካንዴላና ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ እያቀበልኩ ነው ያደግኩት። ጣሊያን ጎንደርን ከለቀቀ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ጋራዡ ውስጥ ቃሉ አለ። ጣሊያንኛ ነው ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ዕቃው ሲጠራ ስሙ አብሮ እጄ ገባ እንጂ። የእንግሊዝኛውን ስም ሁለታችንም ያገኘነው ከመሣሪያው ሳጥን ላይ ነው፤ ስክሩድራይቨር። ሚስተር ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ በልቤ።

ያን ቃል መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ሳላየው አልቀርም። አላስታውሰውም። ወጥ ቤት ወለል ላይ ያገኘሁትን ግን ከነጋዙ ሽታ አስታውሰዋለሁ። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፏል። አንድ ሰው የማያውቀውን ቃል ከሚያነበው ጽሑፍ በደህና ለመገመት በዙሪያው ካሉት ቃላት ከመቶ 98ቱን ማወቅ አለበት ይላል፤ ለዚያ ደግሞ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። ይህንን ሳነብ ወጥ ቤቱ ለምን እንደቀለለኝ ገባኝ። እዚያ 98ቱን የሚሞላው ቃል አይደለም፤ ዕቃው፣ እጁ፣ የሰውየው ፊት፣ የሚፈላው ውሃ ነው። ራት ላይ የሚወራው ወሬ ይህ ሁሉ የለውም። እዚያ ነው መከራዬን ያየሁት።

መከራውን ያበዛው የጣሊያኖቹ እንግሊዝኛ ራሱ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ከላቲን የወረሱት የጋራ ቃል ሞልቷቸዋል፤ መልኩ አንድ፣ ትርጉሙ ግን ተለያይቶ ያደገ ብዙ አለ። ማዳም «ፓረንትስ» ስትል ፓሬንቲ ማለቷ ነው፤ ዘመድ። ገና ሲደርስ «የባሌ ፓረንትስ ሰባት ሆነው ይመጣሉ» ስትል ሰምቼ፣ ሰባት ወላጅ ያለው ሰው እንዴት ያለ ነው ብዬ ነበር። ሚስተር ደግሞ «ኢቬንቹዋሊ» ይላል፤ እንግሊዞቹ የማታ ማታ መሆኑ የማይቀረውን ነገር የሚሉበትን ቃል፣ እሱ እንደ ጣሊያንኛው ምናልባት ለማለት ያውለዋል። እንግዳ «ኢቬንቹዋሊ» ይመጣል ካለ ሽንኩርት መክተፌን ትቼ እጠብቅ ጀመር።

«ፕሪቴንድ» ግን በሳቅ አላለፈችም። የካቲት 2013 ዓ.ም. ላይ የሱዳን መንግሥት የገንዘቡን ምንዛሪ ለቀቀው። 55 ፓውንድ የነበረው የዶላር የባንክ ዋጋ በአንድ ቀን 375 ገባ። ጥቁር ገበያው ቀድሞም እዚያ ደርሶ ስለነበር የእኔ ደሞዝ ሲቀልጥ ከርሟል፤ ለእናቴ የምልከው በየወሩ ያንሳል። ልቤን አጠንክሬ ማዳምን በተሰባበረ ዓረብኛ ደሞዜ በዶላር እንዲታሰብ ጠየቅኋት። ዝም አለችኝ። ያን ሰሞን አንዲት ኬንያዊት የሥራ ባልደረባቸው ለራት መጣች። ሰላጣውን ይዤ ስገባ ሚስተር ስለ እኔ እያወራ ነው፤ «ሺ ፕሪቴንድስ ዶላርስ» አለ።

ያቺን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። ሸምድጃታለሁ፤ ማስመሰል፣ የሌለውን አለ ማለት። ጆሮዬ ጋለ። እናቴ፣ ምንዛሪው፣ ሁሉም ውሸት ነው ማለቱ ነው? ሰላጣውን ማስቀመጥ ረስቼ ቆምኩ። ኬንያዊቷ ሹካዋን አስቀመጠችና «ዲማንድስ ማለትህ ነው?» አለችው። ከዚያ በዝግታ አስረዳችው፤ ፕሪቴንድ ማለት ያልሆኑትን መስሎ መታየት ነው፣ ይገባኛል ብሎ መጠየቅ ግን ዲማንድ ነው። ሚስተር ግንባሩን መታ፤ በነሱ ቋንቋ ፕሬቴንዴሬ ማለት ይኸው ሁለተኛው ነው። ተሳሳቁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያልሆነውን መስሎ የቆመው ሰው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማዳም አልሳቀችም። ሰላጣውን ያስቀመጥኩት ማብራሪያው ሲያበቃ መሆኑን አይታለች። በማግስቱ ጠዋት ቡና ሳፈላ ገብታ፣ ያለ ዓረብኛና ያለ ምልክት፣ በቀስታ እንግሊዝኛ ከመጪው ወር ጀምሮ ደሞዜ በዶላር እንደሚታሰብ ነገረችኝ። «ታንክ ዩ» አልኩ። ሁለታችንም ሌላ ነገር አልተናገርንም። የራት እንግሊዝኛቸው ግን ከዚያ ወዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ሆነ።

ቃል ከነቦታው ሲያገኙት አይረሳም የሚለውን እኔም እመሰክራለሁ። የሚያስቆጨኝ ሌላው ነው፤ ቦታውን የሚመርጥልህ ማን ነው? ሚስተር እንግሊዝኛን ያገኘው ከስብሰባና ከሪፖርት ነው። የፕሮጀክት ቃል እንደ ጉድ ያዥጎደጉዳል፤ ሙቀቱ ሰውነቱን ሽፍ ሲያደርገው ግን ለሱዳናዊው ሐኪም በስልክ «ያሳክከኛል» ማለት ጠፍቶት «ማይ ስኪን ኢዝ ኖት ሳስቴይነብል» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔ «ኢች»ን አውቃት ነበር፣ ከዚያው ከሚናቀው የሽምደዳ ዝርዝር። አልነገርኩትም። እያሳከከው አደረ።

የእኔ ደግሞ የባሰ ነበር። ዓረብኛዬን የሰጠችኝ ከጣሊያኖቹ በፊት የሠራሁላት የመጀመሪያዋ ቀጣሪዬ ናት፤ «ጂቢ» አምጪ፣ «ታዓሊ» ነይ፣ «ገዋም» ቶሎ። እነዚህ ሁሉ ወደ እኔ የሚወረወሩ እንጂ ከእኔ የሚወጡ ቃላት አይደሉም። በሰው ቤት የሚሠራ ሰው ቋንቋ የሚማረው ከትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ «አልፈልግም»ን አያስተምርም። ለጓደኛዬ ውሃ አምጪልኝ ማለት እችላለሁ፤ ደክሞኛል፣ ገንዘቤ ጎድሏል፣ ዛሬ ዐርብ ነው ማለት አልችልም። ከስንፍና አልነበረም፤ እነዚያን ቃላት እኔ ፊት ማንም ተናግሯቸው ስለማያውቅ ነው።

«ማ ዳይራ»ን ያገኘኋት ከግቢ ውጪ ነው። ከመንገዱ ጥግ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሱዳኖቹ ሲት ሻይ የሚሏት ሴት ከሰሏን አያይዛ፣ ዝንጅብሉንና ቅርንፉዱን በየብልቃጡ ደርድራ ትቀመጣለች። በእጅ የተጠለፈ በርጩማ አላት፣ ባንበር የሚሉት። ዐርብ ዐርብ እዚያ መቀመጥ ጀመርኩ። አንድ ሸበቶ ደንበኛ በዱቤ ሊጠጣ ሲል ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብላ «ማ ዳይራ» አለችው፤ አልፈልግም። አልጮኸችም፣ አላፈረችም፤ ከሰሏን እያራገበች ነው የተናገረችው። ሰውየው ኪሱን ዳበሰ። እኔ የፈለግሁት ቃሉን ብቻ አልነበረም፤ ያንን አነጋገር ነው፤ ቃሉ ሲነገር ትከሻው የት እንደሚውል ጭምር። ክፍሌ ገብቼ መስታወት ፊት ለመድኩት።

አገሬ ከገባሁ በኋላ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን መዝገበ ቃላት ገልጬ አየሁ። የእኔ መሸምደጃ በታተመበት ዓመት የወጣ፣ ከ1,500 ገጽ የማያንስ ጥራዝ ነው፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ከአማርኛው ጋር ቀርቧል። ከሱም በፊት በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ያገለገለው አርምብሩስተር የእንግሊዝኛ–አማርኛ ቃላትን ከነሐረጋቸው ሰብስቦ በ1910 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ላይ አሳትሟል። የሱዳን ሹም አማርኛ ሲለቅም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የጎንደር ልጅ ካርቱም ወርዳ እንግሊዝኛ ስትለቅም፤ የሱ ሥራ መጽሐፍ ሆነ፣ የእኔ ጆሮ ጠቢነት ተባለ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳይ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ማን ነው፣ ለማን ነው ብዬ ነው።

የተመለስኩት ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ተኩሱ ሲከፈት የኛ ቀዳም ሥዑር፣ የእነሱ ረመዳን ነበር፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በመንገድ ብቻ የሚለየው ዐማራት እሳቱ መሐል ገባ። ከማውቃቸው ሴቶች አንዳንዶቹ በገዳሪፍና በጋላባት አድርገው መተማ ደረሱ። አንዷ አሁን ጎንደር እኔ ዘንድ ትመጣለች። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ለተነሡ ልጃገረዶች ቅዳሜ ከሰዓት ዓረብኛና እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ አትሂዱ ብዬ ጨርሼ ስላልሰሙኝ ነው። የማድቤት ዕቃ ስም አላስተምርም፤ እሱን ማዳሞቻቸው በሦስት ቀን ውስጥ ያስተምሯቸዋል። እኔ የምጀምረው «ወሩ ሞልቷል፣ ደሞዜን»፣ «ፓስፖርቴ እኔ ጋ ይሁን»፣ «አሞኛል፣ ዛሬ አልችልም» ከሚሉት ነው፤ ቆመው፣ ቀና ብለው፣ በሁለቱም ቋንቋ።

ባለፈው አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። «እሺ፣ እኔ ይህን አልኩ፤ ማዳሟስ ምን ትለኛለች?» አለች። ትክክል ናት። ከዚያ ወዲህ መልሱንም እንለማመዳለን። ማዳሟን ሆና የምትጫወተው ከካርቱም የተመለሰችዋ ናት፤ ወንበር ላይ እግሯን አጣምራ ስልኳን እየነካካች «ቡክራ፣ ቡክራ» ትላቸዋለች፤ ነገ፣ ነገ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይናደዳሉ። ሲናደዱ ዓረብኛቸው ይጠራል።