አውቃለሁ ማለት ትዕቢት ነው?

ከአይሁድ ሊቃውንት መካከል ደጋግሜ የማስበው ራቭ ዮሴፍን ነው። ከ1,700 ዓመት ገደማ በፊት በባቢሎን፣ ፑምቤዲታ በምትባል የትምህርት ከተማ የኖረ ዓይነ ስውር መምህር ነበር። አንድ ቀን በቃል የተጠና ትምህርት የሚያሰማ ሰው ፊቱ ቆሞ፣ ታላቁ ራቢ ይሁዳ ሃናሲ ከሞተ ወዲህ ትሕትና ከዓለም ጠፋች የሚለው ክፍል ላይ ሲደርስ አስቆመው። ትሕትናን ከዚያ ውስጥ እንዲያወጣት ነገረው። ለምን ቢሉ፣ እርሱ ራሱ ገና በሕይወት አለና!

ይህን የሰማ ሰው ግር ቢለው አይፈረድበትም። እኛ «ኧረ እኔ ምን አውቄ» እየተባለ ሲነገር ሰምተን ነው ያደግነው። መጽሐፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንኳ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ ለሰው ክብር የሚሰጥ ደግ ልማድ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተጻፈበት ታልሙድ ግን የራቭ ዮሴፍን ንግግር አንዳችም ነቀፋ ሳይጨምርበት መዝግቦታል።

የሰውየውን ኑሮ ያየ ምክንያቱ ይገባዋል። ዕውቀቱ ከመስፋቱ የተነሣ «ሲና» ይሉት ነበር፤ ሕጉ ሁሉ በተራራው ላይ እንደተሰጠ ሳይጎድል እርሱ ዘንድ ይገኛል ማለታቸው ነው። የትምህርት ቤቱ አለቅነት ባዶ ሲሆን ለእርሱና ለባልንጀራው ለራባ ማን ይቅደም ተብሎ ወደ እስራኤል ምድር ሊቃውንት ተላከ። ሲና ይቅደም የሚል መልስ መጣ። እርሱ ግን እምቢ አለ። ራባ 22 ዓመት አለቃ ሆኖ ሲኖር፣ ራቭ ዮሴፍ ዋግምት የሚያደርግለትን ሰው እንኳ እንደ ጌታ ቤቱ አላስጠራም። በኋላም ታሞ የተማረውን ሁሉ ረሳ። ያ «ሲና» የተባለ ሰው ይህን ትምህርት አልሰማሁም ሲል፣ ተማሪው አባዬ ራሱ እንዳስተማራቸው እያስታወሰ መልሶ ያስተምረው ጀመር። በታቦቱ ውስጥ ከደህናዎቹ ጽላት ጋር የተሰበሩትም አብረው ይቀመጡ ነበር፣ ስለዚህ ዕውቀቱን ሳይወድ የረሳ ሊቅ አይዋረድ የሚለው ትምህርት የተላለፈው በዚሁ በራቭ ዮሴፍ አፍ ነው። ዕውቀት አደራ እንደሆነ፣ ባለቤቱም ሲሻ እንደሚወስደው ከእርሱ በላይ ማን ያውቃል?

በአይሁድ አሳብ የትሕትና ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ሀብት ያፈራ ሰው በጉልበቴ ነው እንዳይል ያስጠነቅቃል። በ14ኛው መቶ ዘመን በስፔን ምድር የነበረው የጄሮናው ራቢ ኒሲም ይህን ክፍል ሲያብራራ፣ ሙሴ እግዚአብሔር ሀብቱን ሰጠህ እንዳላለ፣ ሀብት የምታፈራበትን ኃይል ሰጠህ እንዳለ ያሳያል። ኃይሉ እውነተኛ ነው፤ ሰውየው ብርቱ ነው፣ ብልህም ነው። የተከለከለው ሰጪውን መርሳት ነው። ኦሪት ከሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት ነው ያለችው ሙሴም ከነቢያት የሚስተካከለው የለም፤ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም ትሑት የሆነው።

ሞሼ ሐይም ሉዛቶ በ1740 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ባሳተመው «የቅኖች ጎዳና» በሚባለው መጽሐፉ ነገሩን ወደ ተፈጥሮ ያወርደዋል። ወፍ የሚበረው፣ በሬም የሚጎትተው እንዲሁ ስለተፈጠረ ነው፤ ሊቅም እንዲሁ። የእርሱ አእምሮ ለሌላው ቢሰጥ ኖሮ ያ ሰው በቦታው ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ያወቀ ላላወቀው የማካፈል ዕዳ አለበት። ይህን ሳነብ ችሎታን መደበቅ ትሕትና መስሎ የሚታየን ነገር ያስፈራኛል። ከ70 እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌም ጥፋት በፊት፣ ራቢ ዘካርያስ የተባለ ሊቅ ሰው ምን ይላል እያለ ሊቃውንቱን ከውሳኔ አገዳቸው፤ ታልሙድ ቤተ መቅደሱን ያስቃጠለ የእርሱ ትሕትና ነው እስከ ማለት ይደርሳል። ከባድ ፍርድ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካን ግን የእጅ ሙያ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 የማደሪያውን ድንኳን ስለሠሩት ባለሙያዎች ሲናገር፣ ወርቅ ማንጠርን፣ እንጨት መጥረብን፣ መሸመንን እግዚአብሔር በሰው ልብ ያኖረው ጥበብ አድርጎ ይቆጥራል። ዋናው ባለሙያ ባስልኤል ከይሁዳ ነገድ ነው፤ ባልደረባው ኤልያብ ከዳን። የአይሁድ ትርጓሜ እዚህ ላይ ቆም ይላል፦ ይሁዳ ከነገዶች የከበረው፣ ዳን ደግሞ ዝቅ ያለው ነው፤ ሁለቱ የተጣመሩት ማንም እንዳይታበይ፣ ማንም ሌላውን እንዳይንቅ ነው ይላል።

የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ሲያጸኑ፣ የቀደሙ ሊቃውንትን ተከትለው ከዚሁ ከዳን ነገድ ቆጥረዋቸዋል። ቤተ እስራኤል ደግሞ በጎንደር አካባቢ አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ያ የኦሪት ምዕራፍ በግዕዝ በእነርሱ ቄሶች እጅም፣ በጎረቤቶቻቸው ካህናት እጅም ነበር። ጎረቤት ግን ማረሻውን ከአንጥረኛው ተቀብሎ እያረሰ፣ ሠሪውን ቡዳ ብሎ ሸሸው። በአምላክ ስም «እኔ ምን አውቄ» የሚል ትሑት ሕዝብ፣ የአምላክን ስጦታ በሌላው እጅ ላይ ሲያይ ግን ፈራው፣ ናቀውም።