የጓደኛዬ ጭብጨባ

በ2017 ዓ.ም. ለገና ማታ አምፖሎቹን ከዘፈን ጋር እኩል የማስኬዱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «ኮምፒዩተር ያውቃል» ስለተባልኩ ልቤ አብጦ ነበር። ዘፈኑ በደቂቃ 130 ምት አለው፤ አንዱ ምት 461 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በ50 በ50 ስለሆነ 450 ብዬ አጠጋጋሁት። «11 ሚሊሰከንድ ማን ያየዋል?» አልኩ።

በልምምዱ ላይ አንድ ደቂቃ ሲሞላ መብራቱ ዘፈኑን በ1.5 ሰከንድ፣ ማለትም ከሦስት ምት በላይ ቀድሞት ሄደ። ተመልካቹ ሳቀ፤ እኔ አፈርኩ።

ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቀው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ «ዘፈኑን ክፈተው፤ እኔ ላጨብጭብ፣ አንተ ምልክት አድርግ» አለኝ። በየጭብጨባው ቁልፍ ተጫንኩ። አሁን ትንሿ ስሕተት በየምቱ ትታረማለች እንጂ አትጠራቀምም። ማታ መብራቱ ከከበሮው ጋር እኩል ጨፈረ።

ነገ ክፍል ስንገባስ? ዝግጅታችንን ይዘን ተማሪውን ጥለን እንዳንሮጥ፣ አስቀድመን የእሱን ጭብጨባ እንስማ።