ኮሎኔሉን የሚመራ አስር አለቃ

አሜሪካን ሊጅን እ.ኤ.አ. በ1919 ፓሪስ ላይ የተጠነሰሰ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ነው። ኑሮው ግን ያለው በየከተማው፣ «ፖስት» በሚባለው ቅርንጫፍ ነው። ፖስቱ አዛዡን በድምፅ ይመርጣል። የማኅበሩ ሕገ ደንብ በስብሰባ ላይ ማንም በወታደራዊ ማዕረጉ እንዳይጠራ ስለሚከለክል፣ የትናንቱ አስር አለቃ ወንበር ይዞ ኮሎኔሉን «እጅዎን አውጥተው ይናገሩ» ቢለው ነውር የለበትም፤ ለኮሎኔሉ ሳይከብደው አይቀርም እንጂ። ወግ የሚደምቀው በአዛዡ ቢሆንም ሥራው የሚያርፈው በጸሐፊው ትከሻ ላይ ነው፤ ቃለ ጉባኤውም የአባልነት መዝገቡም የእሱ ነው። ስብሰባው በጸሎት ይከፈታል፤ ለተማረኩና ለጠፉ ወታደሮች መታሰቢያ አንድ ወንበር ባዶ ይተዋል። ከአዳራሹ ውጭ አባላቱ በጓዶቻቸው ቀብር ላይ የክብር ዘብ ይቆማሉ፤ ከ1925 ወዲህ ደግሞ የወጣቶች ቤዝቦል ቡድኖችን ይደግፋሉ።