የቅሬው መዝገብና እኔ

ባለፈው ክረምት መካነ ሰላም ውስጥ፣ ባለቤታቸው በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ አንዲት እናት ፊት ቆሜ «ስምዎ የለም» አልኳቸው። በእርግጥ እንዲያ ያለው ስልኬ ነው። ነገር ግን ስልኩን የያዘው እጅ የኔ፣ ፕሮግራሙንም የጻፍኩት እኔ ነኝና በማን ላላክክ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ጃቫስክሪፕት ተምሬ፣ ከደሴ በአቀስታ በኩል ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላትቼ አገሬ ስገባ ልቤ አብጦ ነበር። ጎረቤታችን የቅሬው ዳኛ ናቸው። (ለሸዋ ልጆች፦ ቅሬ ማለት እናንተ እድር የምትሉት ነው፤ እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ይረዳዳል።) «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ከሚያገላብጡ በስልክ ላድርግልዎ?» አልኳቸው። ሳቅ ብለው «እስቲ ሞክረው» አሉኝ። ከታናሽ እህቴ ጋር ሁለት ሳምንት መዝገቡን ስንገለብጥ ሰነበትን። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ለኛ አገር የተመቸ ነው፤ የስልኩ ብራውዘር ራሱ ስለሚያስኬደው ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ስም ትጽፋለህ፤ መዋጮው እስከ የትኛው ወር እንደተከፈለ ያሳይሃል። በቃ።

ያ ቀን መጣ። እናቲቱ ቅሬው የሚሰጠውን ገንዘብ ሊቀበሉ ከዘመዶቻቸው ጋር መጡ። ዳኛውም ሊያኮሩኝ ፈልገው «እስቲ ያንተን ነገር አምጣው» አሉ። ሰው ከቦናል። የእናቲቱን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ነው። እኔ በ«ሀ» ጻፍኩ። «አልተገኘም» አለ። ደግሜ ጻፍኩ፤ «አልተገኘም»። እናቲቱ ምንም አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «አልከፈሉም ነበር እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ይህን ጊዜ ዳኛው ያንን ጠርዙ የተበላ መዝገብ አወጡና ሁለት ቅጠል ገልጠው በጣታቸው ጠቆሙ። እናቲቱ አሉ። ያንድ ወር ዕዳ እንኳ የለባቸውም። የተጻፉት ግን በ«ሐ» ነው።

ሲወጡ እኔ በር ላይ ተገትሬ ነበር። «አብሽር ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል» አሉኝ። ኀዘንተኛዋ እሳቸው፣ አጽናኟም እሳቸው።

አሁን ወደ ስትሪንግ እንምጣ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ክር ማለት ነው። ፊደሎች እንደ ዶቃ የተሰኩበት ክር፤ ቄሱም ሼሁም እንደሚይዙት ዓይነት መቁጠሪያ ብላችሁ አስቡት። ልዩነቱ ቆጠራው ከዜሮ መጀመሩ ነው። «ሰላም» የሚለውን ስትሪንግ ርዝመቱን ብትጠይቁት (ትእዛዙ ሌንግዝ ይባላል) 3 ይላችኋል፤ በላቲን ፊደል ብትጽፉት 5 ይሆናል። «ሰ» 0ኛ፣ «ላ» 1ኛ፣ «ም» 2ኛ ዶቃ ናቸው። የውጭ መጻሕፍት ቀጥለው የሚያስተምሩት ትንንሹን ፊደል ወደ ትልቅ መለወጥ ነው። ይህን ትእዛዝ ለ«ሰላም» ብትሰጡት «ሰላም» ብሎ ይመልስላችኋል፤ እኛ ዘንድ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለማ! የኛ ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እኔ በተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈለትም።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዷ ሆሄ የራሷን ቁጥር ሰጣት። «ሀ» 4608 ናት፤ «ሁ» 4609፤ እንዲህ እያለ «ሆ» 4614። «ለ» ከ4616 ትጀምራለች። «ሐ» ግን 4624 ናት። እንግዲህ ሁለት ስትሪንጎችን በሦስት የእኩል ምልክት አቆራኝታችሁ «አንድ ናችሁ ወይ?» ብትሏቸው፣ ማሽኑ የሚያስተያየው እነዚህን ቁጥሮች ነው። ድምፅ አይሰማም። ለኔ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀና ሐ ለሱ በ16 ይራራቃሉ። የከተማችንን ስም እንኳ ውሰዱ፤ አንዱ «መካነ ሰላም» ይላል፣ ሌላው «መካነ ሠላም» ይላል። ለኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለት። (ይህን ስቴንስል የምትመቺው እህታችን፣ እባክሽ ሁለቱን አንድ እንዳታደርጊብኝ፤ ጽሑፉ በሙሉ ገደል ይገባል።)

መዝገቡ ደግሞ በሁለት እጅ የተጻፈ ነበር። መጀመሪያ የያዙት የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ ሃሌታው ሀን ከሐመሩ ሐ፣ እሳቱ ሰን ከንጉሡ ሠ ለይተው ይጽፋሉ። ከሳቸው የተረከቡት አስተማሪ ግን እንደኔ ናቸው፤ እጃቸው ላይ የመጣውን ነው። እህቴ ስትገለብጥ እንዳየችው ገለበጠች፤ እኔ ደግሞ ኪቦርዱ ቀድሞ የሚያወጣልኝን መታሁ። ባንድ ፋይል ውስጥ የአራት ሰው ልማድ ማለት ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። «ሪፕሌስ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ይህን በዚያ ተካ ማለት ነው። «ሐን በሀ ተካ» አልኩት። አስኬድኩት። ስሙ እንደነበረ ነው! ሻማዬ ግማሽ እስኪሆን ድረስ የተሳሳተ ፊደል ስፈልግ አመሸሁ። ስሕተቱ ከመጀመሪያው ትምህርት ነበር፤ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ስትሪንግ አንዴ ከተሠራ አይለወጥም። ሪፕሌስ አሮጌውን አያርምም፤ አዲስ ሠርቶ ያቀብላችኋል፤ ያቀበላችሁን ተቀብላችሁ ስም ሰጥታችሁ ካላስቀመጣችሁ ይጠፋል። ሌላም አለ፤ ተራ ፊደል ሰጥታችሁት እንደሆነ ሪፕሌስ የሚተካው መጀመሪያ ያገኘውን አንዱን ብቻ ነው። ሁሉንም ለመተካት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ቋንቋው የገባው «ሪፕሌስ ኦል» አለ።

ግን ስንቱን ተክቼ እችላለሁ? ሰባት ሰባት ሆሄ ያላቸው ቤቶች ናቸው። ያኔ ነው ቁጥሮቹን በወረቀት መደርደር የጀመርኩት፤ ደስ የሚል ነገርም አየሁ። ቤቶቹ ስምንት ስምንት ቦታ ተመድበውላቸው በእኩል ርቀት ተሰልፈዋል። ስለዚህ ከሐ ቤት ማንኛዋም ሆሄ ላይ 16 ብትቀንሱ የሀ ቤት አቻዋን ታገኛላችሁ፤ ሑ ሁ ትሆናለች፣ ሕ ህ ትሆናለች። ከብዙኃኑ ኀ 128 ነው የሚቀነሰው፤ ከዓይኑ ዐ 48፣ ከፀሐዩ ፀ 8። ንጉሡ ሠ ላይ ግን 16 ይደመራል፣ እሳቱ ሰ ከሷ በኋላ ናትና። ሃና ሀ፣ ኣና አ በአማርኛ አንድ ስለሆኑ እነሱን ለብቻ ማዛመድ ነው። ይኸው ነው! አምስት መስመር። ቁጥሩን የሚሰጠው ትእዛዝ «ቻር ኮድ አት» ይባላል፤ ቁጥሩን መልሶ ፊደል የሚያደርገው «ፍሮም ቻር ኮድ»።

ጠዋት በኩራት የመዝገቡን ስሞች በሙሉ አስተካክዬ፣ በቦታቸው መልሼ፣ ዝርዝሩን አሳትሜ ለዳኛው ሰጠሁ። የድሮው ጸሐፊ አዛውንትም እዚያው ነበሩ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሲያነቡ ቆዩና «ይሄ ማነው?» አሉኝ፤ ጣታቸው የራሳቸው ስም ላይ ነው።

«እርስዎ ነዎት አባባ።»

«እኔን አባቴ በዓይኑ ዐ ነው ያወጣልኝ። በአልፋው የተጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ አላውቀውም።»

ልከራከር ሞከርኩ፤ ድምፁ አንድ ነው፣ ምን ለውጥ አለው አልኩ። እሳቸውም ሳይቆጡ «ሠረቀ ብርሃን የሚባል ሰው ታውቃለህ? በንጉሡ ሠ ብርሃን ወጣ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ስትጽፈው ብርሃን ሰረቀ ይሆናል። ሰውየውን ሌባ አደረግኸው እኮ» አሉኝ። ምን ልመልስ? ግእዝ አላውቅ። ሠዓሊ የሚሥለው ነው፤ ሰአሊ የምትለምነው ናት፤ ይህን ከሳቸው ነው የሰማሁት። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን ርእስ «ዐዲስ» ብለው በዓይኑ ዐ ሲጀምሩ፣ ዋና ከተማችን ደግሞ «አዲስ» ብላ በአልፋው ስትጻፍ፣ ፊደሉ ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ሙግት ገና አለማለቁ ነው። እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ባንድ ሌሊት፣ ያውም በሰው ስም ላይ፣ ልፈርድ ነበር።

መፍትሔው ከእጄ አልራቀም ነበር። ስትሪንግ አይለወጥም ብያችሁ የለ? ሪፕሌስም ሆነ የኔ መቀነስና መደመር የሚሰጡን ቅጂ ነው። ቅጂውን በዋናው ቦታ የጣልኩት እኔ ነኝ። አሁን ለእያንዳንዱ አባል ሁለት ስትሪንግ ይዣለሁ፤ አንዱ መዝገቡ ላይ እንዳለ፣ ነጥቡም ሳይነካ፣ የሚታየውና የሚታተመው እሱ ነው። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የተስተካከለው ነው፤ እሱን ማንም አያየውም። ሰው የጻፈውን ስምም በዚያው መንገድ አስተካክዬ ከሁለተኛው ጋር አስተያያለሁ። አዛውንቱ ስማቸውን በዓይኑ ዐ አግኝተውታል።

ትንንሽ ጣጣዎችም ነበሩ። የድሮው ጸሐፊ በስምና ባባት ስም መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ያደርጋሉ። እህቴም እንዳለ መታችው። ትሪም የሚባለው ትእዛዝ በዳርና በዳር ያለውን ባዶ ቦታ ይጠርጋል፤ ፡ን ግን ባዶ ቦታ ብሎ አይቆጥራትም፤ በባዶ ቦታ ልሰንጥቅ ስልም ስሙና ያባት ስም ተጣብቀው ቀሩ። መጀመሪያ ፡ን በባዶ ቦታ መተካት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የአናባቢው ነው። አንዱ መሐመድ ይላል፣ አንዱ ሙሐመድ፣ ሌላው ሙሃመድ። ቁጥሩን ለ8 አካፍዬ ቀሪውን ብጥለው ቤቱ ብቻ ይቀራል፤ መና ሙ አንድ ይሆናሉ። ፈጽሞ ደስ ብሎኝ ሳለ ሐሰንና ሑሴን አንድ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ! ስለዚህ ይህን የምጠቀምበት ለጥቆማ ብቻ ነው። «አልተገኘም» የሚለውን ቃል ከፕሮግራሙ አጥፍቼዋለሁ፤ ካጣ ቀረብ የሚሉትን ስሞች ደርድሮ «ከነዚህ አንዱ ይሆን? መዝገቡ ይታይ» ይላል። ዳኛውም መዝገቡን ከአጠገባቸው አላራቁም፤ ደግ አደረጉ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተፈታልኝም። ከስም በፊት ሼህ፣ ሐጂ፣ መምሬ ተብሎ የተጻፈባቸው አሉ። ማዕረጉን እንዳልቆርጠው፣ ስሙ ራሱ ሐጂ የሆነ ሰው መዝገቡ ውስጥ አለ። መላ ያለው ወደ መኝታ ክፍሌ ብቅ ይበል፤ ሻይ በኔ ነው።